ሰላምታ ያልቀደመው መልእክት

«ውጪ» የሚል ቃል ብቻውን ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። የላከችው ልጄ ናት። እንደምን ዋልሽ የለ፣ እማዬ የለ፤ «ውጪ» ብቻ።

ወዲያው ሌላ ጢን አለ። «በሩን ክፈቺ።» ጢን። «አሁኑኑ።» ጢን። «እንዳትተኚ።»

እውነቱን ልናገርና ከመደንገጤ በፊት ተቀየምኩ። ዘጠኝ ወር የተሸከመች እናት እንደ ጎረቤት ዶሮ «ውጪ» ትባላለች? «ምነው ልጄ፣ ሰላምታ ተከለከለ እንዴ?» ብዬ ልመልስላት ጣቴን ቀሰርኩና «ም»ን ፍለጋ ኪቦርዱ ላይ ጎንበስ አልኩ። ፊደሎቹ ዋኙብኝ። «ም» የነበረበት ቦታ ሄዶ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ መሰለኝ። ጠረጴዛውን ይዤ ቀና ስል ሌላ መልእክት ገብቷል።

«ብርድ አይደለም እማዬ። ከሰሉ ነው። እየገደለሽ ነው።»

እግሬ ሥር ያለውን ምድጃ አየሁት። ጭስ የለው፣ ሽታ የለው፤ ፍም ብሎ፣ ቀልቶ፣ ደስ የሚል ሆኖ ተቀምጧል። ከዚያ በሩን አየሁት። ቀርቅሬዋለሁ፤ ሥሩን በጨርቅ ወትፌዋለሁ፤ በላዩም የወረቀት ካርቶን ደርድሬበታለሁ። መስኮቱም እንደዚያው። ሞትን ከውጭ እንዳይገባ በር ዘግቼበት፣ እሱን እግሬ ሥር አስቀምጬ እየሞቅኩት እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ልነሣ ብል ጉልበቴ የሌላ ሰው ሆነ።

ለመሆኑ እንዲህ ያለ ሞኝነት ውስጥ ሰው እንዴት ይገባል ትሉኝ ይሆናል። በቀላሉ ነው የሚገባው። የኮሶዬ ሰው ከሆናችሁ ደግሞ እየተመረቃችሁ ነው የምትገቡበት።

ኮሶዬ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች ብርዳም አገር ናት። መንገደኛ ወርዶ ትኩስ ነገር ይቀምሳል፣ ትከሻውን ያሽና «ኧረ ይህ አገር እንዴት ይኖራል!» ብሎ ይሄዳል። እኛ እዚያው እንኖራለን። እኔ ተወልጄ፣ ተድሬ፣ ልጅ ወልጄ፣ ባሌን ቀብሬ እዚያው ነኝ። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ማንበብ አያቅተኝም፤ መጻፍ ግን ጭቃ ውስጥ እንደመሄድ ነው፣ እደርሳለሁ፣ ግን ደክሜ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ከመንገዱ ዳር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ ከፍቷል። ኮምፒውተሩ ያለው እዚያ ነው። እሱ ወረቀትና ቀለም ሊገዛ ወይም ማሽን ሊያሠራ ጎንደር ሲወርድ ቤቱን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ፎቶ ኮፒ አነሣለሁ፣ ወረቀት እቆርጣለሁ፣ ኮምፒውተሩን ግን መጀመሪያ አካባቢ አልነካውም ነበር። አቧራውን እንኳ የምጠርገው ከሩቅ ነው። ወንድሜ «እትዬ፣ አይነክስም እኮ» ይለኛል። «ውሻውም አይነክስም ብለኸኝ ነበር» እለዋለሁ።

ያቀራረበኝ የልጄ ነገር ነው። አንድ ናት ያለችኝ። ጎንደር ቁስቋም ቤት ተከራይታ ነርስነት ተማረችና ምደባዋ መካነ ብርሃን ጤና ጣቢያ ሆነ፤ እዚያም አንዲት አሮጊት ቤት ተከራየች። መካነ ብርሃን ከእኛም የባሰ ደጋ ነው፤ በዚያ ላይ ስልኩ ሲፈልገው ይሠራል፣ ሲያሰኘው ይጠፋል። «ሃሎ» ትለኛለች፣ «ሃሎ» እላታለሁ፣ ሌላ ወሬ ሳንጀምር ይቆረጣል። የእኔ ስልክ ደግሞ ቁልፍ የሚጫን፣ ከመደወል በቀር ሌላ የማያውቅ ነው። እኔ ያልሰማሁት ቀን ሁሉ እሷ የታመመች፣ ገደል የገባች፣ ጅብ የበላት ይመስለኛል። ፈሪ ነኝ፤ ይህን አገር ያውቃል። ዝናብ ሲዘንብ ለእሷ እፈራለሁ፣ ሲያባራ ደግሞ «አሁን ልትወጣ ነው» ብዬ እፈራለሁ።

ወንድሜ የፍርሃቴ ወሬ ሲሰለቸው «በኮምፒውተር ብትጻጻፉስ? ጤና ጣቢያው ኮምፒውተር አለው፣ መልእክቱ ከስልኩ የተሻለ ይደርሳል» አለ። ሰው ከሰው የሚጻጻፍበትን ፕሮግራም ከፈተልኝ። በየቁልፉ ላይ የአማርኛ ፊደል በትንንሽ ወረቀት ጽፎ ለጠፈልኝ። አንዱን ፊደል ለማግኘት አንዳንዴ ሁለት ቁልፍ ነው የሚመታው። «ሰላም» ለማለት ያን ዕለት የፈጀሁትን ጊዜ፣ ሰላም ለማውረድ የተቀመጡ ሽማግሌዎችም አልፈጁትም።

እንግዲህ ጽሕፈቱን ተማርኩ። አነጋገሩን ግን ከቤቴ ይዤው ነው የሄድኩት።

በእኛ አገር ሰው ቤት ገብቶ ጉዳዩን ዘሎ አይናገርም። መጀመሪያ እንደምን አደራችሁ ይላል፤ እግዚአብሔር ይመስገን ይባላል። ልጆች ደህና ናቸው? ይመስገን። ከብቱ? ይመስገን። ዘንድሮ ገብሱ? ይመስገን፣ ትንሽ ውርጭ ነካው እንጂ። ቤት ቢቃጠልብህ እንኳ እሳት ልትለምን ጎረቤት የሄድክ አስመስለህ ነው የምትጀምረው። እኔም እንዲሁ አደረግሁ። «እንደምን አደርሽ ልጄ» እጽፍና ኢንተር የሚባለውን ቁልፍ እመታለሁ፤ ሄደ። «ደህና ነሽ ወይ» ኢንተር። «ብርዱ እንዴት ነው» ኢንተር። «ቤት ያከራዩሽ እማማ ደህና ናቸው» ኢንተር። «ወገባቸውን ተሻላቸው» ኢንተር። ከዚያ እጄን አጣጥፌ እጠብቃለሁ። እያንዳንዱ ሳይመለስልኝ ጉዳዬን አልናገርም፤ ነውር ነው።

ፋሲካ ላይ ፈቃድ ወስዳ መጣች። ገና ዶሮው ሳይበላ፣

«እማዬ» አለችኝ፣ «አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትቀየሚኝ።»

«ልታገቢ ነው?»

«አይደለም። መልእክትሽን በተመለከተ ነው። መርፌ ልወጋ አንድ ሰውዬ አስተኝቼ፣ ኮምፒውተሩ ጢን፣ ጢን፣ ጢን፣ ጢን ይላል። ሰውዬው ቀና ብሎ ‹የማን ማኪና ነው የሚጮኸው? ይውጣ!› አለ። ሄጄ ሳየው አንቺ ነሽ። የቤት አከራዬን ወገብ ትጠይቂያለሽ።»

«እና አልተሻላቸውም?»

«ተሽሏቸዋል! ነገሩ ግን… ድምፅሽን ዘግቼዋለሁ።»

«የእናትሽን ድምፅ?»

«ያንቺን አይደለም፣ የጢኑን ነው።»

«ጢኑ እኮ እኔ ነኝ።»

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። በዚያው ቀን ወንድሜ ሱቅ ስንሄድ ድምፅ የሚዘጋበት ምልክት የትኛው እንደሆነ እንድታሳየኝ ጠየቅኋት፤ እኔም የእሷን ልዘጋባት ነው። አሳየችኝ። ዘጋሁባት። ከዚያ ብትጽፍልኝና ባልሰማስ ብዬ ስለፈራሁ ወዲያው ክፈቺልኝ አልኳት። ይህንንም እስከ ዛሬ እየደጋገመች ለሰው ታወራዋለች።

እዚያው ኮምፒውተሩ ፊት አስቀምጣ ሌላውንም አስተማረችኝ። ወንድሜ ከኋላችን ቆሞ ይስቃል። መምህርነት አይጎድላትም፤ ቆጣ ትላለች እንጂ።

«አንድ መልእክት ውስጥ ሁሉንም ጻፊ። መሥመር መውረድ ከፈለግሽ ሺፍትን ተጭነሽ ይዘሽ ኢንተር ምቺ፤ አይሄድም፣ መሥመር ብቻ ይወርዳል። ስትጨርሺ ኢንተርን ብቻውን። ገባሽ?»

«ሁለት ቁልፍ ባንዴ?»

«ሁለት እጅ አለሽ እኮ።»

ሞከርኩት። ሺፍቱን ቀድሜ ለቀቅኩትና ግማሹ አረፍተ ነገር መካነ ብርሃን ሄደ። «አየሽ፣ ራሱ ችኩል ነው» አልኳት።

ራይት የሚባለውን ምልክትም አሳየችኝ። መልእክቱ ሥር አንድ ራይት ካለ ተልኳል፤ ሁለት ራይት ከሆነ ተነቧል ማለት ነው። ይህ ነገር ለእኔ ጥሩ አልነበረም፤ ሁለት ራይት አይቼ መልስ ካልመጣ ከልጄ ጋር የማኮርፍበት አዲስ ምክንያት አገኘሁ። ድሮ አልደረሳትም ብዬ እጽናና ነበር።

የአንዱን ጥያቄ መልስ ከሌላው እንዳላምታታ፣ የምመልስበትን መልእክት በማውሱ ቀኝ ጠቅ አድርጌ እሱኑ አያይዤ እንድመልስ ነገረችኝ። የድሮ ወሬ ስፈልግ ላይ ታች ከምንከራተት፣ ቃሉን ፍለጋው ውስጥ ጽፌ እንዳወጣው አሳየችኝ። እኔም ፈተና ይሁን ብዬ «ወገባቸው» የሚለውን ጻፍኩ። አቤት የወጣው! ወንድሜ በሳቅ ግድግዳ ተደገፈ። «እትዬ፣ እኚህ ሴትዮ የራሳቸው ልጅ እንኳ እንዲህ አልጠየቃቸውም» አለ።

ከሁሉም ግን አጥብቃ የነገረችኝ አንድ ነገር ነበር።

«ይሄን እዪ» አለችና በስክሪኑ ግራ በኩል የሰዎቹ ስም የተደረደረበትን አሳየችኝ። «ሥራ ላይ ስሆን መልእክቱን አልከፍተውም፤ እዚህ ዝርዝሩ ላይ ዓይኔን ጣል አድርጌ ነው የማልፈው። እዚህ የሚታየው የመጨረሻው መልእክት ነው፤ እሱም መጀመሪያው ብቻ። ያንቺ ሁልጊዜ ምን ይላል? ‹እንደምን አደርሽ።› ወይ ‹ወገባቸውን።› ጉዳይሽ የት እንዳለ በምን ልወቅ? ጉዳዩን ከፊት አድርጊው። ሰላምታውን ከኋላ።»

«ሰላምታ ከኋላ? በመስኮት እንደመግባት አይሆንም?»

«ግዴለም፣ ግቢ። የኔ በር አይዘጋብሽም።»

እሺ አልኳት። ልጅ ፋሲካ ለፋሲካ መጥታ ስታስተምር እሺ ይባላል። ስትሄድ ግን ወደ ቀድሞ ነገሬ ተመለስኩ፤ ትንሽ ቀነስኩላት እንጂ። አምስቱን ወደ ሦስት አወረድኩት። እሷም በሦስቱ መሐል የምትመልስልኝ «እማዬ!» የሚል ብቻ ነበር፤ ተግሣጽ መሆኑ በደንብ ይገባኝ ነበር፤ የገባኝ አልመሰልኩም።

አሁን ደግሞ ስለ ንፋስ ልንገራችሁ፤ ያለ እሱ ከሰሉ ውስጥ አልገባም ነበርና።

የኛ አገር ሰው ገደል አይፈራም፤ በገደል አፋፍ እየሄደ ይቀልዳል። ንፋስ ግን ይፈራል። በደባርቅ አውቶቡስ ተሳፍሮ መስኮት የከፈተ ሰው ያየ ያውቃል፤ ከኋላ «ዝጋው! ልትገድለን ነው?» የሚሉት ደረታቸውን እንደ በሬ የሚያሳዩ ጎበዛዝት ናቸው። ሰው ራሱን ቢያመው ንፋስ ነው፤ ቢያስለው ንፋስ ነው፤ ቢያቅለሸልሸው ብርድ ገብቶበት ነው። መድኃኒቱም አንድ ነው፦ ዝጋ፣ ተከናነብ፣ እሳት ጠጋ በል። ልጄ ነርስ ከሆነች ወዲህ ቤት በመጣች ቁጥር መስኮት ትከፍታለች፣ እኔ እየተከተልኩ እዘጋለሁ። «አየር ይግባ» ትላለች። «አየሩ እኮ ገብቶ ነው እንዲህ ያደረገኝ» እላለሁ። አልተሸናነፍንም።

ያ ቀን ሐምሌ ነበር። ጉሙ ከገደሉ ተነሥቶ መንገዱን ስለሸፈነው መኪኖቹ መብራት አብርተው ነው የሚያልፉት። ወንድሜ የፎቶ ኮፒ ማሽኑን አንዱን ክፍል ተሸክሞ ለማሠራት ጎንደር ወርዷል፤ ስለዚህ ደንበኛ ቢመጣም የምሠራለት የለኝም። ስልኬም ቻርጅ ጨርሶ ቤት ቀርቷል። እግሬ ሲቀዘቅዝ ጊዜ ከሰል አቀጣጠልኩና ምድጃውን ወደ ውስጥ አስገባሁት። ጉሙ በበሩ ሥር ሲገባ አየሁ፤ በሩን ቀረቀርኩት። አሁንም ሽው ይለኛል፤ ጨርቅ ወተፍኩበት። ካርቶኖቹንም ገፋሁና ደረደርኩበት። መስኮቱ ላይ በፕላስተር ወረቀት ለጠፍኩ። ቤቱ እንዴት ያለ ሸጋ ሆነ! ወንድሜ ሲመጣ «እትዬ፣ ቤቱን እንደ ሰው ቤት አደረግሽው» እንደሚለኝ እያሰብኩ ተቀመጥኩ።

«እንደምን አደርሽ ልጄ» ብዬ ላክሁ። «ደህና ነሽ ወይ» አስከተልኩ። አንድ አንድ ራይት። ሥራ ላይ ናት አልኩና ጠበቅሁ።

ትንሽ ቆይቶ ግንባሬን ይፈልጠኝ ጀመር። «አሃ» አልኩ፣ «ይሄ ንፋስ ቀድሞ ገብቷል።» ነጠላዬን ጠመጠምኩ። ጤና አዳም ይዤ ነበር፣ አሸተትኩ። አልተወኝም። እንዲያውም ያቅለሸልሸኝ ጀመር። ብርዱ ሆዴ ገብቷል ብዬ ምድጃውን ወደ እግሬ ሳብኩት፤ ጨመርኩበትም። ዓይኔ ከበደ። ካርቶን አንጥፌ ጋደም ልበል፣ ላብ ካወጣኝ ይለቀኛል የሚል ሐሳብ መጣልኝ። ሐሳቡ እንዴት ይጥም ነበር።

ከመተኛቴ በፊት ግን ምን ልዋጥ ብዬ ልጠይቃት ፈለግሁ። እንደ ደንቡ «ብርዱ እንዴት ነው» ከሚለው ልቀጥል ነበር፤ ጣቴ አልታዘዝ አለኝ። ሦስት መልእክት የመጻፍ አቅም የለኝም፤ አንድ ነው ያለኝ። ልጄ ያለችውን አንዱን አደርግላት ዘንድ ግድ ሆነ። ጉዳዩን ከፊት አስቀደምኩ። ከጉዳዩም ውስጥ መጀመሪያ የጻፍኩት፣ ብርድ ላይ ተቀመጥሽ ብላ እንዳትቆጣኝ፣ መጠንቀቄን የሚያስረዳውን ነው። ፊደል በፊደል እንዲህ ጻፍኩ፦

«በር ዘግቼ ከሰል ታቅፌ ራሴን ያዞረኛል ያቅለሸልሸኛል ብርድ መትቶኝ ነው ምን ልዋጥ ልተኛ ነው።»

ኢንተር። ልመሰገን ነው የላክሁት።

ኋላ እንደነገረችኝ፣ ያን ሰዓት የወሩን ሪፖርት እየሞላች ነበር። ዝርዝሩ ላይ ዓይኗን ጣል ስታደርግ ከስሜ ሥር «በር ዘግቼ ከሰል ታቅፌ ራሴን» የሚለው ታያት። ወንበሩ ከኋላዋ ወደቀ አለች።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ጀምሬላችኋለሁ።

ጉልበቴ እንቢ ሲለኝ በእጄ ወለሉን ያዝኩና በአራት እግር ሆኜ ወደ በሩ ሄድኩ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ያን ዕለት ግን ከኮሶዬ እስከ ደባርቅ ሆነችብኝ። ከኋላዬ ጢን ይላል። ካርቶኖቹን ስገፋ አይነቃነቁም፤ ወረቀት እንዲህ ይከብዳል ብዬ አላውቅም። አንዱን ጎትቼ ጣልኩት። ሁለተኛውን ትቼ በጎኑ ሾለኩ። የወተፍኩት ጨርቅ በሩን ነክሶ ይዞታል፤ አወታተፌ ደግሞ የሰነፍ አልነበረም። «እመብርሃን፣ ሥራዬን አበላሺልኝ» አልኩ። መቀርቀሪያውን በሁለት እጄ ስስበው ተላቀቀ፤ በሩ ተከፈተና በፊቴ ጭቃው ላይ ተደፋሁ።

ያ ዕድሜ ልኬን ስሸሸው የኖርኩት ንፋስ ፊቴ ላይ መጣ። አፌን ከፍቼ ጠጣሁት። አስመለሰኝ፤ እንደገና ጠጣሁት።

አህዮቹን ድንች ጭኖ ወደ ጎንደር የሚነዳ አንድ ሽማግሌ ገበሬ በጉሙ ውስጥ ብቅ አለ። እኔን ጭቃው ላይ ሲያይ አህዮቹን ትቶ ሮጠ።

«ምነው እቴ! ማን መታሽ?»

«ከሰል ነው አያ» አልኩት። «ዘግቼ… ከሰል።»

ወደ ውስጥ አጮልቆ አየ። ካርቶኑን፣ ጨርቁን፣ የተለጠፈውን መስኮት ተመለከተ።

«ይሄን ሁሉ አንቺ ነሽ የወተፍሽው?»

«እኔ ነኝ አያ።»

«ወይ አንቺ ሴት! ጎተራ እንኳ እንዲህ አይለሰንም።»

ክንዴን ይዞ አስነሣኝና ከግድግዳው ራቅ አድርጎ ድንጋይ ላይ አስቀመጠኝ። ዝናቡ ያካፋል። የራሱን ጋቢ አወለቀና አከናነበኝ፤ ንፋሱ ፊቴን እንዲያገኘው ግን ገለጥ አደረገልኝ። ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ከውስጥ ጢን። ጢን። ጢን ጢን።

«ማነው ውስጥ ያለው?» አለ ደንግጦ።

«ልጄ ናት። ልመልስላት።» ተነሣሁ።

«ልጅሽ ውስጥ ናት?» ሊገባ ሮጠ።

«የለም አያ፣ መካነ ብርሃን ናት!»

ቆመ። ዞሮ አየኝ። ከሰሉ አእምሮዬን ነክቶት እንደሆነ እያመዛዘነ ነበር።

«መካነ ብርሃን ሆና ነው እዚህ የምትጮኸው?»

«በኮምፒውተር ነው። አስጠንቅቃኝ ነው የወጣሁት። ካልመለስኩላት የሞትኩ ይመስላታል። ልግባ!»

«ተመልሰሽ ብትገቢማ መምሰሉ ይቀራል» አለኝና በትሩን አግድም አድርጎ ከለከለኝ። እንደ ከብት ከለከለኝ ስላችሁ፣ ሌላ ቃል የለውም።

እዚያ ድንጋይ ላይ የተቀመጥኩትን መቀመጥ ለጠላቴም አልመኝ። እኔ እንግዲህ አየር አግኝቻለሁ፤ እያንዳንዱ ጢን ግን ልቤ ላይ ነው የሚያርፈው። መካነ ብርሃን ሆና፣ ስክሪኑ ላይ አፍጥጣ፣ አንዲት ቃል ስትጠብቅ ይታየኛል። ስልኬ ቤት ነው፣ እሱ ስልክ የለውም፣ መንገዱ ጭር ብሏል። እኔ ለእሷ ስፈራ ነው የኖርኩት፤ እሷ ለእኔ ስትፈራ መስማት ይህን ያህል እንደሚያም አላውቅም ነበር።

«አያ፣ ለጽድቅህ ብለህ አንድ ቃል ልጻፍላትና ልውጣ።»

«መጀመሪያ እሳቱ ይውጣ» አለ። ከጋቢው ሥር ደርቦት የነበረውን ኩታ አፍንጫው ላይ ጠመጠመ፣ ትንፋሹን ዋጠና ገባ። ምድጃውን በጨርቅ ይዞ ወጣና ፍሙን ዝናቡ ላይ ገለበጠው። ሽሽሽ አለ። ተመልሶ ገብቶ መስኮቱን በበትሩ ጫፍ መትቶ ከፈተው፤ የለጠፍኩት ወረቀት ተቀዶ በረረ። ሲወጣ በሩ ላይ ቆም አለና ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። ጢን አለ። ሽማግሌው እጁን አፉ ላይ ደግኖ፣ ከተራራ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጠራ፣

«አንቺ ልጅ! እናትሽ ደህና ናትና ልብሽን አሳርፊ!» ብሎ ጮኸ።

ጆሮውን ሰጥቶ ጠበቀ። ጢን።

«አልሰማችም» አለኝ። «ወይ አላመነችም።»

ሳቄ መጣ። እንባዬም አብሮ መጣ። ራሴ እየተፈለጠ፣ በጭቃ ተለውሼ፣ በሰው ጋቢ ተጠቅልዬ ስስቅ አያ ደግሞ በመሳቄ የባሰ ሠጋ።

«አያ፣ አይሰማም እኮ፤ መጻፍ ነው።»

«ታዲያ ጢን የሚለው ምኑን ነው? ጆሮ ከሌለው ምን አፍ ሰጠው?»

ይህን ጥያቄ ኋላ ለወንድሜ አሻገርኩት።

ንፋሱ በበሩ ገብቶ በመስኮቱ ሲወጣ፣ ወረቀቶቹን አንሥቶ ሲበትናቸው እያየን ቆየን። «አሁንስ?» እላለሁ። «ገና» ይላል። «አሁንስ አያ?» «ገና አልኩሽ። ልጅሽን የወለድሽው በአንድ ቀን ነው እንዴ?» አህዮቹ ራቅ ብለው ሣር ይለቅማሉ፤ ድንቹ ዝናብ ይመታዋል፤ እሱ ግን አልተነቃነቀም። በመጨረሻ ራሱ ገባና አሸተተ፤ የከሰሉ መርዝ ሽታ እንደሌለው ስነግረው «እንግዲያው የገባውን የደጁን አየር ነው የማሸተው» አለና ወጥቶ ክንዴን ያዘኝ።

«ቆመሽ ጻፊ፤ እንዳትቀመጪ። እኔ በሩን ይዤዋለሁ። ረጅም አታድርጊው።»

ገባሁ። ከበሩ የሚመጣው ነፋስ ጀርባዬን ሲያገኘው አልዞርኩበትም። ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች ሞልቷል። «እማዬ።» «እማዬ መልሺልኝ።» «ወጣሽ?» «አጎቴ ስልኩ አይሠራም።» «ሰው ጥሪ።» «ከወጣሽ ተመልሰሽ እንዳትገቢ።» «እማ።» «እማ።» ከሁሉ ታች ያለው ፊደሉ የተሳሳተ፣ የሚነበብ ያልሆነ፣ ጣቷ እንዲሁ የወደቀበት ነገር ነበር። እሷ አንድ ፊደል ስትስት አይቻት አላውቅም።

ኪቦርዱ ላይ ጎንበስ አልኩ። ፊደሎቹ ቦታቸው ናቸው፤ አይዋኙም። ጣቴም ይታዘዛል። ከበሩ በኩል «ጻፍሽ?» ይለኛል አያ። «እየጻፍኩ ነው» እለዋለሁ። አንድ በአንድ ፈለግኋቸው፣ መታኋቸው፣ አነበብኩት፣ ኢንተር አልኩ።

«ወጥቻለሁ። ከሰሉ ወጥቷል፣ በሩ ክፍት ነው፣ ሰው አብሮኝ አለ። ደህና ነኝ።»

አንድ ራይት ሆነ። ዓይኔን ሳልነቅል ሁለት ሆነ።